ጤና አዳምን ያቆየው ስኒ

ስለ ጤና አዳም የሚጻፈውም የሚነገረውም አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከበሽታ ዝርዝር ነው። ለሆድ ቁርጠት፣ ለጉንፋን፣ ለራስ ምታት፣ ለጆሮ ሕመም፣ ለሕፃን የሆድ መነፋት፣ ለቡዳ። ዝርዝሩ ሲያልቅ አንባቢው ይዞት የሚሄደው ሐሳብ አንድ ነው፤ ይህ ቅጠል በየጓሮው ትውልድ የተሻገረው ስለሚያድን ነው የሚል። እኔ የማልቀበለው ይህን ሐሳብ ነው። ጤና አዳም አያድንም ማለቴ አይደለም፤ ከሚነገርለት የተወሰነው እውነት ሊሆን ይችላል። የምለው፣ ማዳን ብቻውን አንድን ተክል በሰው ደጅ አያቆይም ነው። ጤና አዳምን ያቆየው አይቡ፣ በርበሬውና በተለይ የቡናው ስኒ ነው። ማስረጃውም ሁለት ቦታ ይገኛል፦ ተክሉ ራሱ በባሕር ማዶ በደረሰበት ዕጣ፣ እና እኛው አገር ከእርሱ የበለጠ ኃይል የነበረው ሌላ መድኃኒት በደረሰበት ዕጣ። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ተክሉን ራሱን እንየው። ጤና አዳም የሎሚና የብርቱካን ዘመድ ነው። ቅጠሉን ወደ ብርሃን ቢያነሱት መርፌ የወጋው የሚመስሉ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ይታያሉ፤ የዘይት ከረጢቶች ናቸው፤ ያ የሚያውድ ሽታ የሚወጣው ከእነርሱ ነው። የሎሚ ቅጠል የሚበላው የቢራቢሮ አባጨጓሬም ዝምድናውን ከእኛ ቀድሞ አውቆታል፤ ጤና አዳሙን ካገኘ ቀንበጥ አያስተርፍም። የዱር አገሩ የሜዲትራኒያን ባሕር ዳርቻ ነው፤ ሊንየስ በ1767 ሳይንሳዊ ስም ሲያወጣለትም በሶርያዋ ከተማ በሐለብ ሰይሞታል። በዚያ ምድር በድንጋያማ ኮረብታ ላይ ማንም ሳይተክለው ይበቅላል። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 11 ላይ ፈሪሳውያን ከጤና አዳም ሳይቀር አሥራት እያወጡ ዋናውን ነገር በመተዋቸው ይወቀሳሉ። በ200 ዓ.ም ገደማ የተጠናቀረው የአይሁድ የሕግ መጽሐፍ ሚሽና በበኩሉ ጤና አዳምን አሥራት ከማይወጣባቸው ዕፅዋት ጋር ይቆጥረዋል፤ ምክንያቱም ጠባቂ የሌለው የሜዳ ቅጠል ነው ይላል። እርስ በርስ የሚጋጩ ይመስላል፤ ነገር ግን የተክሉን ሁለት ኑሮ ያሳዩናል። አንዱ በአትክልት ቦታ ተተክሎ የሚቆጠር፣ ሌላው በጋራ ላይ በቅሎ ማንም የሚቀጥፈው።

በኢትዮጵያ ያለው የመጀመሪያው ብቻ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። ጤና አዳም በእኛ ዘንድ የጓሮ ነው፤ ደገኛውም ወይና ደገኛውም ከቤቱ አጠገብ፣ እጅ በሚደርስበት ያኖረዋል እንጂ ጫካ ወርዶ አይፈልገውም። ባለቤቱ ቀዬውን ለቅቆ ቢሄድ ወይራውና ብሳናው ይቀራሉ፤ ጤና አዳሙ ግን አረም ውጦት ይጠፋል። ቢንከባከቡትም ከጥቂት ዓመት በኋላ ግንዱ እንጨት ሆኖ ቅጠሉ ስለሚሳሳ ቀንበጥ ገንጥሎ እንደገና መትከል የግድ ነው። ዛሬ የምናየው እያንዳንዱ ቁጥቋጦ፣ አንድ ሰው ከሌላ ሰው ጓሮ ቆርጦ ወይም ፍሬውን ለቅሞ ያስቀጠለው ነው። ስለዚህ ተክሉ ለምን ቆየ ብሎ መጠየቅና ሰዎች በየጥቂት ዓመቱ መልሰው መላልሰው ለመትከል ምን አተጋቸው ብሎ መጠየቅ አንድ ናቸው። ታሞ የዳነ ሰው ያመሰግናል፤ ነገ ላይታመም ይችላልና በየዓመቱ ግን አይተክልም። የሚተክለው በየቀኑ የሚፈልገው ነው።

የአውሮፓ ታሪክ ይህን ያጠናክርልኛል። ሮማውያን ለጤና አዳምና ለቅርብ ዘመዱ የነበራቸው ፍቅር ከእኛ የሚያንስ አልነበረም። በአፒሲየስ ስም የሚታወቀው የሮማውያን የወጥ ቤት መጽሐፍ ከዓሣው እስከ ሥጋው ማጣፈጫ ድረስ ደጋግሞ ያስገባዋል። በ79 ዓ.ም የሞተው ፕሊኒ ሠዓሊዎችና ቀራጮች ዓይናቸው እንዳይደክም ይበሉት እንደነበር ጽፏል፤ ከሰው ጓሮ የተሰረቀ ቀንበጥ ከተለመነው ይልቅ ይጸድቃል የሚል እምነትም መዝግቧል። እንዲህ ያለ እምነት የሚፈጠረው ቀንበጥ ከቤት ወደ ቤት በሚዞርበት አገር ብቻ ነው። ያው ፕሊኒ መርዝ ፈርቶ በኖረው በጳንጦሱ ንጉሥ በሚትሪዳጦስ ጓዳ ተገኘ ስለተባለ የመርዝ ማርከሻ ይነግረናል፤ ሁለት ደረቅ ለውዝ መሰል ፍሬ፣ ሁለት በለስ፣ ሃያ የጤና አዳም ቅጠልና ቁንጥር ጨው፣ በባዶ ሆድ የሚበላ። መድኃኒትነቱ ከምግብነቱ አልተለየም ነበር ማለት ነው። በ800 ዓ.ም ገደማ ከሻርልማኝ ቤተ መንግሥት በወጣው የርስት አስተዳደር ትእዛዝ ውስጥ በንጉሡ አትክልት ቦታ እንዲተከሉ ከታዘዙት መካከል አለበት፤ በዚያው ክፍለ ዘመን የራይሄናው ገዳም አበምኔት ዋላፍሪድ ስትራቦ ስለ አትክልቱ በጻፈው ግጥም ውስጥም ቦታ አግኝቷል።

ከዚያ ወዲህ ግን የአውሮፓ ምላስ ከምሬቱ እየሸሸ ሄደ፤ ቅጠሉ ከድስቱ ወጣ፤ የቀረለት የመድኃኒትነቱ ሥራ ብቻ ሆነ። ለንደን ውስጥ በ1750 የእስር ቤት ትኩሳት ከእስረኞች ወደ ኦልድ ቤይሊ ችሎት ተዛምቶ ዳኞችንና የከተማውን ከንቲባ ሳይቀር ከገደለ በኋላ፣ ሽታው በሽታን ያርቃል ተብሎ በችሎቱ ጤና አዳም መሰል ቅጠሎች ይበተኑ ጀመር። በሽታው በቅማል እንደሚተላለፍ ሻርል ኒኮል ቱኒስ ላይ ያረጋገጠው በ1909 ነው። ያን ጊዜ የቅጠሉ አንድ ትልቅ ሥራ በአንድ ጥናት ተሻረ። ሌላው ሥራውም ቢሆን ከእጁ ወጥቷል። ኦገስት ቫይስ የተባለ ጀርመናዊ መድኃኒት ቀማሚ በ1842 ከዚሁ ተክል የቅርብ ዘመድ ሩቲን የተባለውን ንጥረ ነገር ለየ፤ ስሙንም ከተክሉ ወሰደ። ይሁን እንጂ ዛሬ ገበያ ላይ ያለው ሩቲን በብዛት የሚወጣው የምሥራቅ እስያው ሶፎራ ከሚባል ዛፍ እምቡጥ ነው። ኬሚስቱ የሚፈልገውን ንጥረ ነገር በርካሽ የሚሰጥ ሌላ ተክል ካገኘ ለመጀመሪያው ውለታ የለበትም። መድኃኒት ብቻ የሆነ ቅጠል የሚሻል ነገር በመጣ ቀን ይባረራል። ዛሬ በአብዛኛው ምዕራብ አውሮፓ ያ ተክል በግራጫ አረንጓዴ ቅጠሉ ደጅ የሚያሳምር አበባ ሆኗል፤ ከድስትም ከመድኃኒት ቤትም ወጥቷል።

ለዚህ የሚሰጠው የመጀመሪያው መልስ የታወቀ ነው፤ አውሮፓ ሌላ፣ እኛ ሌላ፤ ሐኪም በራቀበት አገር ሕዝቡ ቅጠሉን የያዘው ሌላ መድኃኒት ስላልነበረው ነው ይባላል። ምክንያታዊ መልስ ነው። ግን እውነት ቢሆን ኖሮ ከጤና አዳም ይልቅ ጸንቶ መቆየት የነበረበት ኮሶ ነበር። ኮሶ ጥሬ ሥጋ የሚበላውን ሕዝብ ከትል የሚገላግል፣ ውጤቱ በዓይን የሚታይ መድኃኒት ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወደ አገራችን የመጡ ተጓዦች ሰው ሁሉ በሁለት ወር አንዴ ያህል ኮሶ ይጠጣ እንደነበር ደጋግመው ጽፈዋል፤ የጠጣ ሰው እንግዳ አይቀበልም፣ ከቤት አይወጣም፣ ጌታም ሎሌም ለዚያ ቀን እረፍት ያገኛል። ከ1769 እስከ 1772 በአገራችን የነበረው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ ዛፉን በሥዕል ጭምር ለአውሮፓ አስተዋወቀ፤ በ1864 ኮሶ በብሪታንያ የመድኃኒት መዝገብ በይፋ ገባ። ጤና አዳም እንዲህ ያለ ማዕረግ ከእኛ ወጥቶ አላገኘም። ታዲያ ኒክሎሳማይድና በኋላም ፕራዚኳንቴል የተባሉት እንክብሎች ሲመጡ ኮሶው ምን ሆነ? በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ከከተማ ቤት ወጣ። ወጣቱ ኮሶን የሚያውቀው የመራራ ነገር ምሳሌ ሆኖ ነው። ለሆድ ቁርጠትም እንክብል መጥቷል፤ ጤና አዳሙ ግን ወይ ፍንክች። ኃይለኛው መድኃኒት ሲወጣ ደካማው ከቀረ፣ ያቆየው መድኃኒትነቱ ሊሆን አይችልም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ግልጽ ነው፤ ኮሶን ሰው የጠጣው አፍንጫውን ይዞ ነው፤ ጤና አዳምን ግን ወዶ ነው።

ፍቅሩ ግን ብዙዎች እንደሚያስቡት በአንድ ዓይነት መልክ የኖረ አይደለም፤ እዚህ ላይ ታሪኩ ይበልጥ ያስገርማል። ዛሬ የጤና አዳም ዋና ቦታዎች ሁለት ናቸው፤ ፍሬው ከበርበሬ ጋር ይደለዛል፣ ቅጠሉ በቡና ስኒ ይነከራል። ሁለቱም ቦታዎች ከምንገምተው በላይ አዲስ ናቸው። በርበሬ የአሜሪካ ተወላጅ ነው፤ ኮሎምቦስ በ1492 ከመሻገሩ በፊት በዚህ ምድር አልነበረም፤ ስለዚህ የጤና አዳም ፍሬ የገባበት ድልዝ ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ኋላ ሊሄድ አይችልም። ቡናው ደግሞ፣ ቢያንስ በሰሜኑ ክርስቲያን ቤት፣ ከዚያም ያነሰ ዕድሜ አለው። እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ድረስ ቡና የሙስሊም መጠጥ ነው እየተባለ ካህናቱ ያወግዙት ነበር። ነገሩ የላላው በ1880ዎቹ ነው፤ ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው ይጠጡ ነበር፤ አቡነ ማቴዎስም ቡና የሙስሊም መጠጥ ነው የሚለውን እምነት ለማስቀረት ብዙ ጥረዋል። ሙስሊሙ ወሎዬ ወይም ሐረሬ ከዚያ አስቀድሞ ጠጥቷል፤ ለሰሜኑ ክርስቲያን ግን ጤና አዳም የተነከረበት ስኒ መቶ ሠላሳ፣ መቶ አርባ ዓመት ቢሞላው ነው። ከጥንት ከአባቶቻችን የወረስነው የምንለው ሥርዓት የቅድመ አያታችን ፈጠራ ሆኖ ይገኛል ማለት ነው። እኔ ይህን የሚያሳፍር አድርጌ አላየውም፤ እንዲያውም የባልትናን ብልሃት ያሳየኛል። አዲስ ነገር ወደ ጓዳ በገባ ቁጥር ባለሙያዋ አሮጌውን ቅጠል ታገናኘዋለች። ወተቱና አይቡ ነበሩ፤ በርበሬ መጣ፣ ፍሬውን ጨመረችበት፤ ቡና ተፈቀደ፣ ቀንበጡን ነከረችበት። ሮማውያን ከድስታቸው ያወጡትን ቅጠል እኛ በየዘመኑ አዲስ ቦታ ሰጠነው።

ይህ የወጥ ቤት ታሪክ በጽሑፍ አለመገኘቱ ክርክሩን ያዛባዋል። ስለ ኢትዮጵያ ዕፅዋት ያሉን የብራና ምስክሮች በአብዛኛው የደብተራ መጻሕፍት ናቸው፤ ማርሴል ግሪዮል በ1930 ያሳተመው የአንድ ደብተራ የመድኃኒት መጽሐፍ፣ ፖላንዳዊው ስቴፋን ስትሬልሲን በ1968 እና በ1973 ያወጣቸው ሁለት ትልልቅ የመድኃኒትና የዕፅዋት ጥናቶች የእነዚህ መጻሕፍት ፍሬ ናቸው። ደብተራው ሥርና ቅጠልን የሚጠራው ለበሽታ ነው፤ ጸሎት ይጨምርበታል፣ ቀን ይወስንለታል፣ ምሥጢሩንም ለልጁ ወይም ለደቀ መዝሙሩ ብቻ ያወርሳል። አይብ የምታወጣ ሴት ግን ብራና አልፋቀችም። ተመራማሪ የሚያነበው የተጻፈውን ስለሆነ ተክሉ በመጽሐፍ ውስጥ መድኃኒት ብቻ ሆኖ ይታያል፤ ከዚያም ጋዜጣው ከመጽሐፉ፣ ሬዲዮው ከጋዜጣው ይቀዳል። የደብተራ ዕፅ በባሕርዩ ይሰወራል፤ የሚያውቀው አንድ ሰው ነው፣ እርሱ ሲሞት አብሮት ይሞታል። የጤና አዳም ነገር ግን ምሥጢር የለውም። ጎረቤት ቡና ጠርታ ቀንበጥ ቢጎድላት ልጇን ትልካለች፤ ልጁም የሚመጣው ለአንድ ስኒ ከሚበቃው በላይ ይዞ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚከብደኝ ተቃውሞ ከላቲን አሜሪካ የሚነሳው ነው። ስፔኖች ያሻገሩት ይኸው ተክል ከሜክሲኮ እስከ አርጀንቲና ድረስ በየገበያው ይሸጣል፤ ሰው ግን ወጥ ውስጥ አይጨምረውም፣ ቡናም ላይ አያደርገውም። በደጃፍ ይተክለዋል፣ በኪሱ ይይዘዋል፣ ከክፉ ዓይን ይጠብቀኛል ብሎ ያምናል። ያለ ወጥ ቤት ከቆየ የእኔ ክርክር ወዴት ይሄዳል? ተቃውሞው ክርክሬን እንዳሰፋ ያስገድደኛል እንጂ አያፈርሰውም። በፓራጓይ በየዓመቱ ኦገስት 1 ቀን ሰው በጠዋት ካሩሊም የሚባል መጠጥ ይጎነጫል፤ ከሸንኮራ አገዳ አረቄ፣ ከጤና አዳምና ከሎሚ የሚዘጋጅ ነው፤ የክረምቱን ክፉ ወር ያሻግራል ይላሉ። በሊቱዌኒያ ደግሞ የዚሁ ተክል ዘመድ የሙሽራ አክሊል ሆኖ ከሠርግ ጋር ተጣብቆ ኖሯል፤ የአገሪቱ መለያ አበባ ሆኖ የሚቆጠረውም ስለዚህ ነው። በሰሜን ኢጣሊያ በአረቄ ጠርሙስ ውስጥ ሙሉ ቀንበጡ ቆሞ ይሸጣል። ሁሉም ቦታ ተክሉን ያቆየው ቀን የተቆረጠለት፣ ሰው የሚሰበሰብበት ልማድ ነው፤ ስኒው የእኛ መልክ ነው። እኛም ዘንድ ከነጭ ሽንኩርት ጋር ለቡዳ መከላከያ መሆኑ ከዚሁ ወገን ነው፤ ሐኪም ቤት ቢሠራም ባይሠራም ልማድ ነውና ይቀጥላል።

ሌላው ተቃውሞ የሚመጣው ከሐኪሞች ነው፤ መርዛማ ተክልን ምን ያስወድዳል ይላሉ። መርዝ አለበት፤ ይህን መሸፈን ለተክሉም ለአንባቢውም አይበጅም። በቅጠሉ ውስጥ ፉራኖኩማሪን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉ፤ ጭማቂው ቆዳ ላይ ቀርቶ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል፣ ውኃ ያስቋጥራል፣ ጠባሳውም ለወራት ይቆያል። ከዚያ የሚብሰው ግን በማኅፀን ላይ ያለው ጠንቅ ነው፤ ከጥንት ጀምሮ በብዙ አገር ፅንስ ለማስወረድ ብዙ መጠን ጠጥተው የተመረዙና የሞቱ ሴቶች አሉ፤ በአይጥ ላይ የተደረጉ ሙከራዎችም ፅንስን እንደሚጎዳ አሳይተዋል። ነፍሰ ጡር ሴት ልትርቀው ይገባል፤ ብዙ እናቶችም ይህንን ሐኪም ሳይነግራቸው ያውቁታል። ነገር ግን ይህ ጉዳይ ከክርክሬ ጋር አይጣላም፤ ያግዘዋል። አደጋው ያለው ቅጠሉን መድኃኒት ነው ብሎ በጭማቂ፣ በፍልና በብዛት በሚወስደው ሰው ላይ ነው። በስኒ ውስጥ ለአፍታ የሚነከር ቀንበጥ ግን ሽታውን ሰጥቶ ይወጣል። ልማዱ መጠኑን ራሱ ወስኖታል፤ ስኒው ትንሽ ነው፣ ቅጠሉም ሲበዛ ይመርራል፣ ከዚያ በላይ ለማስገባት የሚፈልግ ሰው የለም። መድኃኒት ቀማሚ በሚዛን የሚያደርገውን ምላስ አደረገው።

ከጓሮ ወደ ኮንዶሚኒየም የተደረገው ሽግግር ይህን ተክል ያጠፋዋል ብለው የሰጉ ነበሩ። ስጋቱ ምክንያት ነበረው፤ ጎመኑም በሶብላውም ከመሬት ሲነሱ ከገበያ ወደሚገዛ ነገር ተለውጠዋል። ጤና አዳም ግን በረንዳ ላይ በተቆረጠ የዘይት ጀሪካን ውስጥ ይታያል፤ ብዙ ውኃ የማይጠይቅ፣ ድንጋያማ አፈር የለመደ ተክል ስለሆነ ይችለዋል። ዋሽንግተን አካባቢ ያሉ ኢትዮጵያውያንም ክረምት ሲመጣ ማሰሮውን ወደ ቤት እያስገቡ ያሳድሩታል። በ1984 እና በ1991 በተደረጉት ትልልቅ ዘመቻዎች ወደ እስራኤል የሄዱትን ቤተ እስራኤሎች ደግሞ ነገሩ ተገልብጦ ጠበቃቸው፤ በጓሮ ብቻ የሚያውቁት ቅጠል በዚያ ኮረብታ ላይ በዱር ይበቅላል፤ ሚሽና አሥራት አይወጣበትም ያለው ማለት ነው። ሆኖም ከቤታቸው ደጅ እየተከሉት ለቡናቸው ከዚያ ይቀጥፋሉ።

አሁን አሁን በከተማ ሱቆች የጤና አዳም ዘይት በትንሽ ብልቃጥ፣ ደረቅ ቅጠሉም የሻይ ከረጢት ሆኖ ከረጅም የበሽታ ዝርዝር ጋር ይሸጣል። ነጋዴው ተክሉን እንዳከበረ ያስባል። የሚያደርገው ግን ቅጠሉን ከስኒው አውጥቶ አውሮፓ ወዳስቀመጠችው ቦታ መመለስ ነው፤ በብልቃጡ ላይ ከተጻፉት በሽታዎች ለአንዱ የተሻለ እንክብል በወጣ ቀን ያ ዘይት ከመደርደሪያው ይነሳል፤ እስከዚያው ድረስም ምላስ ይቆጣጠረው የነበረውን መጠን ማንም አይቆጣጠረውም።